የወደቀበትን የሚያውቅ ሰው

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት፤ የቸኮላችሁ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት።

መኪና መንዳት አልችልም። ባጃጅ እንኳ ነድቼ አላውቅም። ግን ይኸው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ በየንጋቱ የማስተምረው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ነው። ተማሪዬ ደግሞ 12 ዓመት ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ ጅቡቲ የተመላለሰ ሹፌር ነው። ነገሩ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ፤ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ተማሪዬ የአክስቴ ልጅ ነው። እነሱ ቤት ስላደግኩ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ "ወንድም ጋሼ" ነው የምለው። ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማዬን ስማር የቤት ኪራዬን የከፈለው፣ የመጀመሪያውን ስልክ የገዛልኝ፣ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጎጥ የሚያደርግልኝ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ከነቤተሰቡ አሜሪካ ገባ፤ ኮሎራዶ፣ አውሮራ የሚባል ከተማ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል፣ ካርቶን ያወርዳል። ዕድሜው 47 ነው፤ ወገቡ ከካርቶኑ ጋር አልተስማማም። "እኔ የማውቀው አንድ ሥራ ነው፤ እሱም መሪ መያዝ" ይላል ሁሌ። እናም ተበድሮ ማሠልጠኛ ገባ። ተማረ፣ ተፈተነ፣ ወደቀ።

የዚያን ቀን ደውሎ ያለኝ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። "ሐረጎን በጭጋግ ተሳቢ ይዤ የወረድኩ ሰውዬ፣ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ጣሉኝ" አለኝ።

ሐረጎን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲዘጋው ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። እኛ አካባቢ ሹፌር የሚመዘነው በሐረጎ ነው። ይህን መንገድ በየወሩ የወረደ ሰው ነው እንግዲህ በቆመ መኪና ላይ የወደቀው።

እንዴት? ፈተናውን ካላወቃችሁ አይገባችሁም፤ እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

አሜሪካ ያለው ሀበሻ ሁሉ ሲዲኤል ነው የሚለው። ጎታችና ተሳቢ አንድ ላይ ለመንዳት ክላስ ኤ የሚባለው ደረጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 80 በመቶ ነው። ከዚያ የልምምድ ፈቃድ ይሰጥና ቢያንስ 14 ቀን ከቆዩ በኋላ የተግባር ፈተና ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ ደግሞ የታወቀ ማሠልጠኛ ውስጥ ሳያልፉ የተግባሩን መፈተን አይቻልም። የተግባሩ ፈተና ሦስት ክፍል ነው። አንደኛው መኪናውን እየዞሩ መፈተሽ፣ ሁለተኛው ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ እየነዱ ማስገባት፣ ሦስተኛው መንገድ ወጥቶ መንዳት። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፤ የመጀመሪያውን ያላለፈ መሪውን ሳያዞር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወንድም ጋሼ የወደቀው በመጀመሪያው ነው። 12 ዓመት በየጠዋቱ ሲሠራው በኖረው ሥራ!

የፈተናውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ወረቀቱ "ወድቀሃል" ብሎ አያቆምም። መስመር በመስመር የመኪናው አካል ተዘርዝሯል፤ የትኛውን እንዳገኘ፣ የትኛውን እንዳላገኘ ምልክት አለው። ሞተሩ አካባቢ ግማሹን አግኝቷል። ጎማና መብራት ላይ ደህና ነው። ጎታቹና ተሳቢው የሚያያዙበት ቦታ ላይ ግን ባዶ በባዶ ነው። የአየር ፍሬኑ ፍተሻ ደግሞ ከነጭራሹ ወድቋል፤ እሱ ብቻውን ይጥላል።

"ሁሉንም ነካሁት እኮ!" አለኝ። "ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ጎማውን መታሁ፣ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ጌጁን አየሁ። ምን ቀረኝ?"

የቀረው መናገር ነው። በዚያ ፈተና ሹፌሩ እያንዳንዱን ነገር በእጁ ማመልከት፣ ስሙን መጥራትና ምኑን እንደሚያይ ጮክ ብሎ ማስረዳት አለበት። የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም። ፈታኙ የሚጽፈው የሰማውን ነው። በአገራችን "ዝም አይነቅዝም" ይባላል። እዚያ ፈተና ላይ ግን ዝም ይነቅዛል።

ከዚህ በኋላ ነው የእኔ ነገር የመጣው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ወንድም ጋሼ መኪናውን ያውቃል፣ ቃሉ የለውም። እኔ ቃሉን አገኛለሁ፣ መኪናውን አላውቅም። እኛ ዘንድ ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ ገና የማታ 3 ሰዓት ነው፤ እሱ ከሥራ ገብቶ ራቱን በልቶ ይጨርሳል፣ እኔ ፊቴን ታጥቤ ደብተሬን እይዛለሁ። ኔትወርኩ ከፈቀደ አንድ ሰዓት እንማራለን።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። "የምታውቀውን ሁሉ በራስህ ስም ጥራልኝ" አልኩት። ጠራ፦ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ቺንጋ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ። ስጽፍ ስጽፍ ገባኝ፤ ሰውዬው የሚያውቀው መኪና ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው! ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው፣ ቺንጋ ቀበቶ፣ ስፖኪዮ መስታወት፣ ፓራፋንጎ የጭቃ መከላከያ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጋራዡም ለሹፌሩ፣ ሹፌሩም ለረዳቱ እያስተላለፈ ይኸው እኛ ዘንድ ደርሷል። እሱ ግን አሜሪካ ውስጥ ሰው ፊት ቆሞ "ቺንጋ" ቢል ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ደብተሩን በሦስት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል የጋራዥ ስሙ፣ መሐል ላይ የእንግሊዝኛ ስሙ፣ በሌላው በኩል ምኑን እንደሚያይ። ቺንጋ፣ ቤልት፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተተለተለም፣ አልላላም። ፍሬቻ፣ ተርን ሲግናል፤ ይሠራል፣ ንጹሕ ነው፣ አልተሰበረም። ባሌስትራ፣ ሊፍ ስፕሪንግ፤ አልተሰበረም፣ ከቦታው አልተንሸራተተም።

ዜማም ሰጠነው። ወንድም ጋሼ ልጅ ሆኖ የኔታ ጋ ፊደል ቆጥሯል፤ በዜማ የያዘው ነገር አይጠፋውም። ለጎማ "ኤ፣ ቢ፣ ሲ" የምትል አለች፦ አብሬዥን፣ በልጅ፣ ከት። በእኛ መላላጥ፣ ማበጥ፣ መቆረጥ። የጎማው ጥርስ ከፊት ከ32 እጅ 4 ኢንች፣ ሌሎቹ ከ32 እጅ 2 ኢንች ማነስ የለበትም። በእኛ መለኪያ ከፊት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለሌላው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል አለፍ ያለ ነው። እሱ በአውራ ጣቱ ነበር የሚለካው፤ አሁን በአውራ ጣቱም በአፉም ይለካል።

የአየር ፍሬኑ ግን አስቸገረን። እንደ ጸሎት በቅደም ተከተል የሚባል ነገር ነው። ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ ቢጫውና ቀዩ ቫልቭ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከተሳቢ ጋር ከሆነ የአየሩ ግፊት ከ3 ፒኤስአይ በላይ መቀነስ የለበትም። ቀጥሎ ፍሬኑ ተረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዛል፤ አሁን ከ4 በላይ መቀነስ የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ አየሩን ማውረድ ነው፤ 55 ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። አሁንም ማውረድ፤ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ሁለቱም ቫልቮች ራሳቸው ተፈናጥረው መውጣት አለባቸው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ወይም ቁጥሩን ያልተናገረ ወደቀ ነው።

"ይሄን እኮ እግሬ ያውቀዋል" አለኝ አንድ ቀን፣ ተበሳጭቶ።

"አውቃለሁ ወንድም ጋሼ። እግርህ እንዲናገር ነው የምንለማመደው" አልኩት። ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ነው የያዘው።

መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቁልቁለት የሚል ክፍል አለ፤ ለመዝናኛ አነበብኩለት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፤ የወሰንከው ፍጥነት ላይ ስትደርስ ፍሬን ይዘህ በሰዓት 5 ማይል ያህል አውርደውና ልቀቅ፤ እንደገና ሲደርስ እንደገና ያዝ፤ እግርህን ፍሬን ላይ ጥለህ አትውረድ ይላል። ዝም ብሎ ሰማኝና "ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሐረጎን ወርዷል ማለት ነው" አለኝ።

አንድ ክፍል ላይ ግን እኔ ራሴ ቆምኩ፤ ጎታቹና ተሳቢው የሚያያዙበት ቦታ። ስሙን አነባለሁ፣ ምን እንደሚመስል አላውቅም። "ፊፍዝ ዊል" ይላል፤ አምስተኛ ጎማ ማለት ነው፣ ግን ጎማ አይደለም። "ግላድ ሃንድስ" ይላል፤ ደስተኛ እጆች። ያላየሁትን ነገር እንዴት ላስተምር? እንደ ዕድል ሆኖ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደረቅ ወደብ አለን፤ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርዱ መኪኖች ያድሩብናል። አንድ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ሄድኩ።

ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ አንድ ረዳት አየሁ። "ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" ስለው ብቅ አለ። "ቲቸር!" አለ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈትኖ ውጤቱ ከግማሽ በታች ሆነበት፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ነው።

ሰዓት ተኩል አስተማረኝ። ፊፍዝ ዊል የሚባለው ተሳቢው የሚያርፍበት ቅባት የተቀባ ትልቅ ሳህን ነው። ከተሳቢው ሥር የሚወርደው ወፍራም ብረት እዚያ ሳህን መሐል ይገባና መንጋጋ ይይዘዋል። ደስተኛ እጆች የሚባሉት የአየር ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ናቸው፤ እውነትም ሁለት ሰው የሚጨባበጥ ይመስላሉ። የወንድም ጋሼ ችግር እዚህ ላይ ገባኝ። እሱ ሲነዳ የኖረው በራሱ የሚጭን መኪና በብረት ዘንግ ሌላ ተሳቢ የሚጎትትበትን ነው። ይሄ ሳህን የሚሉት ነገር በሥራው አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ያ ቦታ ባዶ የሆነበት ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

ልጁ ጎማው ሥር ገብቶ ፍሬኑን የሚወጥረውን ክንድ አሳየኝ። እንግሊዝኛው "ስላክ አድጀስተር" ይለዋል። ፍሬኑ ተለቆ በእጅ ሲሳብ ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ልጁ ስሙን አያውቅም፤ ግን ሳብ አድርጎ "ይቺን ታክል ብቻ ነው መሄድ ያለባት ቲቸር" አለኝ። በሁለት ጣቱ ያሳየኝ ልክ አንድ ኢንች ነበር።

ቪዲዮውን ቀርጬ ስጨርስ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የፈተናውን ወረቀት ስልኬ ላይ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው፤ በጣቱ ወደ ታች እያወረደ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "የወደቀበትን ነገሩት?"

"አዎ፣ አንድ በአንድ።"

"እኔን አልነገሩኝም" አለ። በምሬት እንኳ አልነበረም ያለው። እንደ ወሬ ነው ያለው። ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም የሚያልፈው ከማያልፈው በጣም ያነሰ ነው። ስለ ፈተናው አከባበድ ብዙ ተብሏል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ተማሪው የሚደርሰው የየትምህርቱ ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ ይሄን ያህል፣ ሒሳብ ይሄን ያህል። የትኛው ጥያቄ ላይ፣ ምን ዓይነት ነገር ላይ እንደወደቀ አይደርሰውም። ስለዚህ ልጁ ምን ያደርጋል? "እንግሊዝኛ አልችልም" ይላል። "ሒሳብ አይገባኝም" ይላል። ትንሽ ሲቆይ "እኔ ትምህርት አይሆነኝም" ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ወንድም ጋሼም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ነበር ያለው። "በቃ፣ እንግሊዝኛው አይሆነኝም፤ ካርቶኔን ላንሳ" ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ስንዘረዝረው ግን የጎደለው እንግሊዝኛ አልነበረም። ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት፣ አንድ የማያውቀው ሳህንና አንድ በቅደም ተከተል የሚባል ነገር ነው። ሠላሳ ቃል ይቆጠራል። የሚቆጠር ነገር ደግሞ ያልቃል።

ልጁን አልተውኩትም። "እሑድ እሑድ ከተማ ውስጥ ካለህ ቤት ና" አልኩት። ሁለት እሑድ መጣ። አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ፈተና ሰጠሁትና ራሴ አረምኩት፤ ግን ቁጥሩን አልነገርኩትም። እንደ ወንድም ጋሼ ወረቀት መስመር በመስመር ዘርዝሬ ሰጠሁት። ምን እንደወጣ ልንገራችሁ? ሰዋስው ላይ ደህና ነው። ቃላት ላይ መካከለኛ ነው። ያለቀው ምንባብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ ሳይመልስ ወደሚቀጥለው ስለማያልፍ ሰዓቱ ያልቅበታል፣ የቀረውን በግምት ያጠቁራል። "እንግሊዝኛ አልችልም" ሲል የኖረው ልጅ ችግሩ የንባብ ፍጥነት ነው። አሁን መኪናው ውስጥ አጫጭር ምንባብ ይዞ ይሄዳል። ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ እንደሚያነብ ነግሮኛል። በግል ለመፈተን ሊመዘገብ ነው።

ወንድም ጋሼ የፊታችን ማክሰኞ ነው የሚፈተነው። ትናንት ንጋት ላይ ሙሉውን ፍተሻ ከሞተር እስከ ተሳቢው የኋላ መብራት በቃሉ ወጣው። እኔ ደብተሬን ይዤ ምልክት አደርግ ነበር፤ ሁለት ነገር ብቻ ነው የጎደለው። ሁለቱንም ነገርኩት፤ ጻፋቸው። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ወደ ኋላ ማስገባቱ ላይ፣ አንድ ነገር ደስ ብሎታል። ሹፌሩ የት እንደደረሰ ለማየት መኪናውን አስተካክሎ አቁሞ መውረድ ይፈቀድለታል፤ ቀጥታ ወደ ኋላ ሲሄድ አንድ ጊዜ፣ በሌሎቹ ሁለት ጊዜ። "ወርዶ ማየት ነጥብ አያስቀንስም አሉ እኮ!" አለኝ፣ እንደ ሕፃን ተደስቶ። ያልፋል አይልም፣ እኔም ያልፋል አልልም። ቢወድቅ ግን ወረቀቱን እንደሚልክልኝ ተስማምተናል። ይህን እንድጽፍም የፈቀደልኝ እሱ ነው፤ "ስሜን ብቻ አትጥራ" ብሎ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የድሮ ተማሪዎቼ። የዘንድሮው ውጤት በቅርቡ ይወጣል። ያለፋችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ቤት ድረስ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ ቡና አለ። ያላለፋችሁ ወይም ባለፉት ዓመታት ያላለፋችሁ ደግሞ ቁጥራችሁን አትላኩልኝ። ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ሩቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የድሮ ፈተና እሰጣችኋለሁ፣ ሠርታችሁ ትመልሱልኛላችሁ፣ እኔ የእንግሊዝኛውን መስመር በመስመር እዘረዝርላችኋለሁ። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ወዳጆቼ ይህን እያነበባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተም አትጥፉ። ክፍያ የለውም። እርሳስና አንድ ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ለወንድም ጋሼም በየእምነታችሁ ጸልዩለት። ማክሰኞ፣ በእነሱ ጠዋት ነው።